«አሳደዱኝ» እና «ከሰሱኝ»

ስለ ሥራ ዓለም ተሞክሮህ ተናገር ተብዬ ነበር። እኔ ግን ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ግሦች ልናገር ነው። የቋንቋ ክፍል ልጅ መቼም አመሉን አይተውም።

ግሦቹ «ፐርሰኪዩት» እና «ፕሮሰኪዩት» ናቸው። የመጀመሪያው ማሳደድ ነው፤ ሰውን በእምነቱ፣ በዘሩ ወይም በአመለካከቱ ምክንያት መከራ ማሳየት። ሁለተኛው ክስ መሥርቶ ፍርድ ቤት ማቅረብ ነው፤ የዐቃቤ ሕግ ሥራ። ክፍል ውስጥ ብታምታቷቸው የምታጡት አንድ ማርክ ነው። እኔ ያምታታኋቸው ግን ሌላ ቦታ ነው።

አሜሪካ በሄድኩ ሰሞን ዋሽንግተን አካባቢ በአስተርጓሚነት እሠራ ነበር። በእናቴ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሴት ለጥገኝነት ጥያቄያቸው የሚያያዝ የሕይወት ታሪካቸውን በአማርኛ ጽፈው ሰጡኝ። «አሳደዱኝ» የሚለው ቃል አራት ቦታ አለ። ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋኝ አራቱንም «ፕሮሰኪዩት» ብዬ ተረጎምኩት። «ትርጉሙ ትክክል ነው» ብዬም ከሥሩ ፈረምኩ።

በቃለ መጠይቁ ዕለት አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። «በምን ወንጀል ነበር የተከሰሱት?» ተባሉ።

«ኧረ እኔ ተከስሼ አላውቅም!»

«የትኛው ፍርድ ቤት ቀረቡ?»

«የፍርድ ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም።»

ጠያቂው ወረቀቱን አየ፤ እሳቸውን አየ። እዚያ ክፍል ውስጥ የተጻፈውና የተነገረው ካልገጠመ፣ ውሸታም የሚመስለው ተርጓሚው አይደለም። ላብ አጠመቀኝ። ፈቃድ ጠይቄ «ስሕተቱ የእኔ ነው» አልኩ። ወረቀቱ ታርሞ እንደገና ገባ፤ ጉዳያቸው ግን ለወራት ተጓተተ። ስንወጣ «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። አይዞዎት ማለት የነበረብኝ እኮ እኔ ነበርኩ።

በኋላ ነው መዝገበ ቃላት የገለጥኩት። ሁለቱም ግሦች «ሴኩዊ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጡ ናቸው፤ መከተል ማለት ነው። «ፐር» እስከ መጨረሻው፣ «ፕሮ» ደግሞ ወደፊት የሚል ስሜት አለው። እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፦ አንዱ ሰውን እግር በእግር ተከትሎ መግቢያ ያሳጣል፤ ሌላው አንድን ጉዳይ ወደፊት ይገፋል። ጦርነት ማካሄድም በእንግሊዝኛ «ፕሮሰኪዩት» ይባላል። የእኛው አማርኛ ደግሞ ፍንጩን ይዞልኝ ነበር፤ «አሳደደ» እና «ስደተኛ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

በሕግም ልዩነቱ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. የ1951 ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛን የሚተረጉመው በመጀመሪያው ቃል ነው፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ሥጋት ያለው ሰው። የአሜሪካ የ1980 የስደተኞች ሕግም እነዚህኑ አምስት ምክንያቶች ይዟል። ወንጀል ሠርቶ ከክስ የሸሸ ሰው በዚያ ብቻ ስደተኛ አይባልም። የእኔ አንድ ቃል እኚያን ሴት ከተበዳይነት ወደ ተጠርጣሪነት አዛውራቸው ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ክሱ ራሱ ማሳደጃ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ሰው በጸሎቱ ወይም በጻፈው ነገር ሲከሰስ ሁለቱም ግሦች በአንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ። ይህን መዝገበ ቃላት አይነግረንም። ስለዚህ ዛሬ ብዕር ከማንሣቴ በፊት «ማን ከሰሰዎት? ፍርድ ቤት ቀርበዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መምህራኖቻችን፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ትርጉም የምታስተምሯቸው ልጆች ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ከፈለጉ በኋላ ባለቤቱንም እንዲጠይቁ አስለምዱልን። እኔ ሳልጠይቅ በፈረምኩት ወረቀት ወራት የጠበቁት እሳቸው ናቸው።