የአባቶች መድኃኒት ይመርመር



የአባቶችን መድኃኒት ሳይመረምሩ መናቅም፣ ሳይመረምሩ ማመንም ከዕውቀት ያርቃል። ቻይናዊቱ ሊቅ ቱ ዩዩ ለወባ የሞከሩት የአርቴሚሲያ ጭማቂ አንድ ጊዜ ሲሠራ ሌላ ጊዜ ይከሽፍ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የአገራቸው የሕክምና መጽሐፍ ግን ዕፁ በውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ ያዝዛል፤ እሳት አይጠቅስም። ሙቀት ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብለው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በኤተር በዝቅተኛ ሙቀት ቢያወጡት በአይጦችና በጦጣዎች ደም ያለውን የወባ ተሐዋስ አጠፋ። በማግሥቱ ዓመት ደኅንነቱን በራሳቸው ፈትነው ለሕሙማን ተሰጠ።

በእኛም አገር ምስጢሩ ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር፣ ተማሪዎቻችን አዋቂውን አስፈቅደው ከዕፁ ስም ጋር አዘገጃጀቱንና መጠኑን ይመዝግቡ። ምርመራ እስኪያረጋግጠው ድረስ ግን ትኩሳት የያዘው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።