ከንቲባውና የጐደለው ካዝና



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከተማ ገንዘብ ነው። ማዘጋጃ ቤት ገንዘቡን ከየት ያገኛል? በምን ላይ ያወጣዋል? ሲጐድልበትስ ከንቲባው ምን ያደርጋል? ነገሩ ደረቅ ይመስላል። ነገር ግን የቧንቧ ውሃ የሚቀዳ፣ ቆሻሻው የሚነሣለት፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው ሁሉ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አለበት። ስሙ በመዝገቡ ላይ ባይጻፍም አለበት።

ለምሳሌ የምናየው የኒውዮርክን ከተማ ነው። ይህች የአሜሪካ ትልቋ ከተማ በ1975 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) እንዲህ ያለች ባለጸጋ ከተማ ለምን ተመረጠች ትሉ ይሆናል። የተመረጠችው ሒሳቧ በኋላ ገጽ በገጽ ስለ ተመረመረና ማን ምን እንዳደረገ በይፋ ስለ ታወቀ ነው። የብዙ ከተሞች ጉድለት ግን እመዝገብ ውስጥ እንደ ተቀበረ ይቀራል።

በመጀመሪያ ገቢዋን እንመልከት። ዋናው የቤትና የቦታ ግብር ነው። ዕቃ ሲሸጥ የሚከፈል የሽያጭ ታክስ አለ። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ከነዋሪው የሚሰበሰብ የገቢ ግብር ተጨመረ። ከክፍለ ግዛቱና ከማዕከላዊው መንግሥት የሚመጣ ርዳታም አለ። ወጪው ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ መከላከያ፣ ለጽዳት፣ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ነው። በዚህ ላይ ለችግረኞች ከሚሰጠው ድጎማ ብዙዎቹ የአሜሪካ ከተሞች የማይሸከሙትን ድርሻ ኒውዮርክ ትሸከም ነበር።

ከ1969 ወዲህ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ኩባንያው ሌላ ቦታ ሲሄድ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ500 ሺህ የሚበልጥ የሥራ ቦታ ጠፋ። ሥራ ሲጠፋ ግብር ከፋዩ ይቀንሳል፤ ርዳታ ፈላጊው ይበዛል። ካዝናው ከሁለቱም በኩል ተበላ ማለት ነው።

እንግዲህ ገንዘብ የጐደለበት ከንቲባ ያለው መንገድ ጥቂት ነው። ግብር ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ከፋዩ ይቈጣል፤ አንዳንዱም ዕቃውን ጭኖ ከከተማው ይወጣል። ወጪ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው አድማ ይመታል፤ ድኻው ይጐዳል። የበላይ መንግሥትን ይለምናል። ወይም ደግሞ ይበደራል። ብድር ለጊዜው ማንንም አያስቈጣም፤ ከንቲባዎች የሚወዱትም ስለዚህ ነው።

ብድር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ከተማ ድልድይ ሲሠራ ቢበደር አግባብ ነው። ድልድዩ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል፤ ዕዳውም የሚከፈለው እየተገለገሉበት ነው። ግብር እስኪሰበሰብ ድረስ ለጥቂት ወራት መበደርም ያለ ነገር ነው። ገበሬ ማሳው ላይ ያለውን ቡቃያ ተማምኖ በክረምት ይበደርና አጭዶ ሲወቃ ይከፍላል። ይህ ደግ ነው። ታዲያ ያልተዘራ ማሳ እያሳየ ቢበደርስ?

ኒውዮርክ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሊሰበሰብ የማይችል ግብር «ይገባል» ተብሎ በገቢ ዓምድ ተጻፈ። የከተማው የራሱ ንብረት የሆኑ ቤቶች ሳይቀሩ ግብር እንደሚከፍሉ ተቈጠሩ። ማን ለማን ይከፍላል? በዚያ በሌለ ግብር ስም ብድር ተወሰደ። ድልድይና ትምህርት ቤት መሥሪያ ከሆነው ባጀት ላይ ለዕለት ወጪ፣ ለደመወዝ ጭምር ገንዘብ ተነሣ። የከተማው የባጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ በጁን 30 መከፈል ያለበት ደመወዝ በማግሥቱ ሲከፈል ወጪው ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል፤ የአሮጌው ዓመት ሒሳብም ልክ ይመስላል። ሕጉ ባጀት ሚዛኑን ይጠብቅ ይላል፤ በወረቀት ላይ ሚዛኑን ጠበቀ። ካዝናው ግን ባዶ ነበር።

ይህ ሁሉ የአንድ ከንቲባ ሥራ አይደለም። በሮበርት ዋግነር ጊዜ ተጀመረ፤ በጆን ሊንድሲ ጊዜ ገነነ፤ አብርሃም ቢም በ1974 መጀመሪያ ሹመቱን ሲይዙ ወረሱት። ወረሱት ስል ግን ባዕድ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ቢም በሙያቸው ሒሳብ ዐዋቂ ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ የከተማው ዋና የሒሳብ ሹም ሆነው ሠርተዋል። ለምርጫ ሲወዳደሩም የተመኩት በዚሁ ዕውቀታቸው ነበር። እንግዲህ ችግሩ ቍጥር አለማወቅ አልነበረም። ቍጥሩን የሚያውቁት ሰዎች ለሕዝቡ አልነገሩትም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በ1975 የጸደይ ወራት ባንኮች የከተማዋን የብድር ሰነድ አንገዛም አሉ። አዲስ ብድር ከሌለ አሮጌው በምን ይከፈል? በጁን ወር ክፍለ ግዛቱ አንድ አበዳሪ ድርጅት አቋቋመ። ይህ ድርጅት የከተማዋ የሽያጭ ታክስ በመጀመሪያ ለእሱ እንዲገባ ተደረገ፤ በዚያ መተማመኛነት ሰነድ እየሸጠ ለከተማዋ ገንዘብ ያገኝ ጀመር። በሴፕቴምበር ደግሞ የከተማዋን ወጪ የሚቈጣጠር ቦርድ ተሰየመ፤ ሰብሳቢው የክፍለ ግዛቱ ገዥ ሂዩ ኬሪ ነበሩ። ከንቲባው በቦርዱ ውስጥ መቀመጫ ነበራቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የእሳቸው መሆኑ ቀረ። ከተማ ሒሳቧን ስትደብቅ ገንዘቧን ብቻ ሳይሆን ሥልጣኗንም ታጣለች፤ ሕዝብ መርጦት ያልነበረ ባንከኛ ከተመረጠው ሰው በላይ ይናገራል። እኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚከፋኝ ይህ ነው።

በጁላይ 1 ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ፖሊሶችና 3 ሺህ ያህል የጽዳት ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። የተባረሩት ፖሊሶች የብሩክሊንን ድልድይ መንገድ ዘጉ። የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ በበጋ ሙቀት ቆሻሻው በየመንገዱ ተከመረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከፊሎቹ ወደ ሥራ ተመለሱ። በሴፕቴምበር የምድር ውስጥ ባቡር ዋጋ ከ35 ሳንቲም ወደ 50 ሳንቲም ወጣ። ባለመኪናው ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ የምትሳፈረዋ ልብስ ሰፊ ግን ታስተውለዋለች።

ከቀኖቹ ሁሉ የከፋው ኦክቶበር 17 ነው። በዚያ ቀን ከተማዋ 453 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ነበረባት፤ በእጇ ያለው ግን 34 ሚሊዮን ነበር። መክሠሯን የሚገልጽ መግለጫ ተጽፎ ተዘጋጀ። የቀረው ተስፋ የመምህራን ጡረታ ገንዘብ ነበር፤ ከዚያ ላይ 150 ሚሊዮን ዶላር የብድር ሰነድ እንዲገዛበት ተጠየቀ። የመምህራኑ ማኅበር መሪ አልበርት ሻንከር በመጀመሪያ እምቢ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገንዘቡ የሽማግሌ መምህር የእርጅና ስንቅ እንጂ የማዘጋጃ ቤት መጦሪያ አይደለም። ደግሞ ከተማዋ ከወደቀች የመምህሩም ደመወዝ ይወድቃል። ከሰዓት በኋላ እሺ አሉ። ከተማዋ በጥቂት ሰዓት ተረፈች።

በዚያው ወር በ29 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ከተማዋን ከመክሠር ለማዳን የሚወጣ ሕግ ቢመጣላቸው እንደማይፈርሙ ተናገሩ። በማግሥቱ አንድ የከተማዋ ጋዜጣ ፕሬዚዳንቱ ለከተማዋ «ሙቺ» እንዳሏት አድርጎ በትልልቅ ፊደል አወጣው። ቃሉን እሳቸው አልተናገሩትም፤ ሕዝቡ ግን ያስታወሰው ጋዜጣውን ነው። ከዚያ ከተማዋ ግብር ጨመረች፤ የሠራተኞች ማኅበራትም ከጡረታ ገንዘባቸው ተጨማሪ ሰነድ ለመግዛት ተስማሙ። ይህ ሲሆን ፕሬዚዳንቱ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ በዓመት እስከ 2.3 ቢሊዮን ዶላር የአጭር ጊዜ ብድር የሚፈቅደው ሕግ በዲሴምበር ተፈረመ። ከተማዋም ያን ብድር ከነወለዱ መለሰች።

ታዲያ ጉድለቱን ማን ሞላው? ከ1847 ጀምሮ ያለ ክፍያ ያስተምር የነበረው የከተማዋ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1976 ማስከፈል ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ50 ሺህ የሚበልጥ የሥራ መደብ ታጠፈ። ብሩክሊን ውስጥ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ሊዘጋ ሲል የሰፈሩ ሰዎች ገብተው ተቀመጡበት፤ ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቁት፤ በመጨረሻም ጣቢያው ሥራ ጀመረ። ያን ሰፈር ሳላደንቅ አላልፍም። ግን ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ አልቀናውም፤ ድምፅ የሌለው ሰፈር ጣቢያው ተዘግቶበት ቀረ።

ሌላም በመዝገብ የማይታይ ቅነሳ አለ። ድልድይ ሳይቀባ፣ ዝገቱ ሳይጠረግ ሲቀር ማንም አይጮኽም፤ በዚያ ዓመት ገንዘብ ተረፈ ይባላል። ዊሊያምስበርግ የሚባለው ትልቅ ድልድይ ለረጅም ዘመን ጥገና ተነፍጎት ከርሞ በ1988 ብረቱ በዝገት መበላቱ ታወቀ፤ ለሳምንታት ለመኪናም ለባቡርም ተዘጋ። ያልተጠገነ ድልድይም ዕዳ ነው፤ ወለዱም ከባንክ ወለድ ይከፋል።

በኦገስት 1977 የአሜሪካ መንግሥት የአክሲዮንና የሰነድ ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት የምርመራ ውጤቱን አወጣ። የከተማዋ ሹማምንት እውነተኛውን ሒሳብ እንዳልገለጹ፣ ሰነዱን ለሕዝብ የሸጡት ባንኮችም የሚያውቁትን አደጋ በሚገባ እንዳላሳወቁ ጻፈ። ገዥዎቹ ውስጥ ያጠራቀሟትን ጥቂት ገንዘብ ያስቀመጡ ተራ ሰዎች ነበሩበት። በቀጣዩ ወር በተደረገው የፓርቲ ምርጫ ቢም ተሸነፉ። ቀጥለው የመጡት ከንቲባ ኤድ ኮች ቅነሳውን ገፉበት፤ በ1981 የከተማዋ ባጀት በትክክለኛው የሒሳብ አያያዝ ሚዛኑን ጠበቀ።

ዛሬ ኒውዮርክ የአራት ዓመት የገንዘብ ዕቅድ እያወጣች ለሕዝብ ታሳያለች። ለመጭው ዓመት የሚጐድለው ምን ያህል እንደሆነ በዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከንቲባውና ምክር ቤቱ ይጨቃጨቁበታል፤ ጋዜጣው ይጽፍበታል፤ ነዋሪው መጥቶ የሰፈሬን ቤተ መጻሕፍት አትንኩ ይላል። ባጀቱ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሚያዝዘው የችግር ጊዜ ሕግ የሚያበቃበት ዘመን ሲቀርብ፣ በ2005 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ግዴታውን በከተማዋ መተዳደሪያ ውስጥ አስገባው። በ1975 የተቋቋመው አበዳሪ ድርጅት ግን ዕዳው ገና አላለቀም ነበር፤ በ2004 የቀረው በሌላ አዲስ ሰነድ ተተካና የመክፈያው ዘመን ለሠላሳ ዓመት ያህል ተራዘመ።