የጋዜጠኝነት ሥልጠናና የድርቅ መከላከል ሥራ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን ትምህርት ለእኛ ሥራ ምን ይፈይዳል የሚል ነው። ጥያቄው የአንድ ሙያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም የሰው ሕይወት ያለበት ነው።

እንደሚታወቀው በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በበረታበት ወራት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ሥፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ አሳይተው ነበር። ወሬው ግን በአገሩ ጋዜጣና ራዲዮ በወጉ አልተነገረም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ የአዲስ አበባ ተመልካች ይህንኑ ያየው ከ11 ወር በኋላ፣ ያውም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ለፖለቲካው በሚያመች መልክ ተቀነባብሮ ነበር። በ1977 ዓ.ም.ም ነገሩ ብዙ አልተለየም። በዘመኑ የነበረው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ጥሪውን በቁጥር አስደግፎ አቅርቧል። ዓለም በሰፊው የተንቀሳቀሰው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከቆረም የላኩት ፊልም ከታየ በኋላ ነው። በመካከሉ ሰባት ወር አለፈ። በአገር ውስጥ ደግሞ መስከረም ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል የአየሩን ሰዓት ይዞት ነበር።

እንግዲህ በሁለቱም ጊዜ የጠፋው መረጃ አልነበረም። በመጀመሪያ የጠፋው ፈቃድ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ማሠልጠኛ አያመጣውም። ከዚያ ቀጥሎ ያጠረው ሪፖርት አንብቦ ሰው በሚሰማው ቃል የሚያቀርብ የሠለጠነ ሰው ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ጋዜጠኛ ሙያውን የቀሰመው በሥራ ላይ ነበር። የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

ዛሬ ተመራቂ ሞልቷል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ትምህርቱ በአመዛኙ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ወጣቱ ወደ ወረዳ ሲመደብ የሚጽፈው ማስታወቂያ የሪፖርት ትርጉም ሆኖ ይወጣል። ለምሳሌ ያህል፦ «በወረዳው የተከሠተውን የምግብ ዋስትና ክፍተት ለመሙላት የሚመለከታቸው አካላት በቅንጅት በመንቀሳቀስ ላይ ይገኛሉ።» ይህን የሰማች የአራት ልጆች እናት ምን ታድርግ? እህሉ መቼ ይመጣል? የት ይታደላል? ይልቁንስ እንዲህ ቢባልስ፦ «የጥር እህል ሐሙስ ከጧቱ በገበያው ሜዳ ይታደላል። የአንድ ሰው ድርሻ 15 ኪሎ ስንዴ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ እስከ ማክሰኞ ለቀበሌው ኮሚቴ ያመልክት።» ሁለተኛውን ለመጻፍ ብዙ እግር መንከራተት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው መጋዘን ሄዶ መጠየቅ፣ ሚዛኑንም ማየት አለበትና።

ከዚህም ሌላ ሠልጣኙ ገበያ ማንበብን ይማር ዘንድ እመክራለሁ። የእህል ዋጋ እየወጣ የከብት ዋጋ አብሮ ሲወድቅ፣ ገበሬው የእርሻ በሬውን ለገበያ ሲያወጣ፣ የትምህርት ቤት ወንበር ያለ ወቅቱ ሲራቆት፣ ነገሩ ፎቶግራፍ ከሚነሣበት ደረጃ ሳይደርስ ወሬው ተገኝቷል ማለት ነው። የከሳ ሕፃን ፎቶግራፍ የሚነግረን የዘገየን መሆናችንን ነው። ያውም የእናቲቱ ፈቃድ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

ስለ ሠፈራ ጥቂት ልጨምር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ አገር ተወስዷል። ከተወሰደውም በግድ የሄደ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ብዙ ነበር። በዘመኑ የተነገረለት የመሬቱ ልምላሜ ነው። የወባው ነገር፣ ገንዲ በሬውን እንደሚፈጅበት፣ ቀድሞ በዚያ መሬት የሚኖር ባለ አገር መኖሩም በግልጽ አልተነገረውም። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሥራው ሰው ማግባባት ብቻ ነው ብሎ የሚያስተምር ክፍል ካለ፣ ይህን ታሪክ ከትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ያስገባው።

የእኛም መሥሪያ ቤቶች ድርሻ አለብን። ጋዜጠኛን በራሳችን መኪና ወስደን፣ አበል ከፍለን፣ የመረጥነውን ጣቢያ አሳይተን ስንመልሰው፣ ዩኒቨርሲቲው ያስተማረውን እያስረሳነው ነው። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሠልጣኞች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ወር በድርቅ ወረዳ ይቀመጡ። እኛም የዝናቡንና የገበያ ዋጋውን ሠንጠረዥ በየወሩ ሳንደብቅ እንስጣቸው። የጻፉትን ማስታወቂያ በእደላው ቦታ፣ በነዋሪው ቋንቋ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ሰሚው ያልገባውን ይጠይቃቸው፤ ማረሚያው ከዚያው ይሁን። ይህን በሁለት ወረዳ ለመጀመር አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ሠንጠረዡ በየመሥሪያ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።