ያልተቈለፈ ስም
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በሒሳብ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



አር የተባለውን የስታትስቲክስ ቋንቋ በኒውዚላንድ አገር በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ናቸው። መሠረቱ በ1976 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ኤስ ነው።

በዚህ ቋንቋ አንድ የወል ስም ለብዙ ዐይነት ነገር ያገለግላል፤ «ስፋት» ብንል ለክብ አንድ ስልት፥ ለሦስት ማዕዘን ሌላ ስልት ይጻፍለታል። ስሙ የሚታወጀው ሴትጀነሪክ በሚባል ትእዛዝ ነው። ጣጣውም ከዚህ ይመጣል። ያው ትእዛዝ ቢደገም አዲስ ስም በአሮጌው ቦታ ይተካል፤ የተመዘገቡትም ስልቶች ሁሉ ይጠፋሉ። ኮምፒዩተሩ ግን አንዳች ስሕተት አይናገርም።

ይህ በክበባችን ደረሰ። ስልቶቹን በፋይል ሳናኖር በቀጥታ ጽፈናቸው ነበርና፥ አንድ ጓደኛችን ትእዛዙን ቢደግመው የስምንት ልጆች የከሰዓት ሥራ ባንድ አፍታ ጠፋ። እርሱን ወቀስነው፤ በእውነቱ ግን ጥፋቱ የሁላችን ነበር።

መከላከያው ቀላል ነው። አስቀድሞ በኢዝጀነሪክ ስሙ መኖሩን መጠየቅ፥ ከሌለ ብቻ ማወጅ፤ ካወጁም በኋላ ሎክባይንዲንግ በሚባለው ትእዛዝ ስሙን መቈለፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ዐዋጅ ቢደገም ኮምፒዩተሩ እንቢ ብሎ ስሕተቱን ይናገራል፤ አዲስ ስልት መጨመር ግን አይከለክልም።