አገር ስጪኝ



ሰው ተሰብስቦ ወሬ ሲቀዘቅዝ መቀጮ ያለበት ጨዋታ ያሞቀዋል። ፈረንጆች የተሸናፊውን መሐረብ መያዣ ይወስዱና ዘፍኖ እንዲያስመልስ ያደርጉት ነበር። እኛ ግን ከእንቆቅልሽ የሚበልጥ አላገኘንም። ፍቺው የጠፋው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ተቀባዩም እዚያ ገብቶ የበላውን የጠጣውን እየዘረዘረ በተሸናፊው ካፌዘ በኋላ ፍቺውን ይነግረዋል። ኪስ የማይነካ ቅጣት ነው፤ ፌዙ ከመጠን ካለፈ ግን ያስለቅሳል፤ አይተናል።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን በመንግሥት ሠራተኞች ቤት ድርጅት ስም የተጠራው ካዛንቺስ፣ በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ሲፈርስ ብዙ ጎረቤቶቻችን ርቀው ሄዱ። ባለፈው በዓል ቂርቆስ አንድ ቤት ተሰብስበን ስንጫወት ከሄዱት አንዷ ተሸነፈች። «አገር ስጪኝ» ብትባል «ካዛንቺስን» አለች።

ተቀባዩ እንደ ደንቡ «ካዛንቺስ ገብቼ…» ብሎ ጀመረና ቃል አጠረው። ሁላችንም ዝም አልን። እሷ ግን «ገብተህ ምን አገኘህ? ንገረን እንጂ!» ብላ ሳቀች። እርሱም የጥጉን ሱቅ፣ ኳስ የተጫወትንበትን ጠባብ መንገድ፣ የእናቶቻችንን ቡና እየጠራ «አገኘሁ» አለ። እኛም የቀረውን እየጨመርንለት መሸ፤ የእንቆቅልሹን ፍቺ የጠየቀ ግን አልነበረም።