የቤት ልባስ ዕድሜ ከእግሩ ይታወቃል



በድርቅ፣ በጎርፍ ወይም በመሬት መንሸራተት ከቀዬው ለተነሣ ቤተሰብ መጠለያ ሲታቀድ የቤቶቹ ቁጥርና ወጪ ይሰላል። ከዚህ እኩል ሊጠየቅ የሚገባው ግን ግድግዳውንና ጣሪያውን የሚያለብሰው ነገር ስንት ክረምት ይችላል የሚለው ነው። ሰፋሪው ራሱን ሳይችል ቤቱ ከፈረሰበት፣ አንድ ጊዜ የተረዳው ቤተሰብ ዳግመኛ ተረጂ ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ ትምህርት የሚሰጥ አሠራር በጋሞ ዞን ይገኛል። ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ከቀርከሃ ጎንጉነው የሚያቆሙት ቤት አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር ከፍ ይላል። ልባሱ የቀርከሃ ቅርፊትና እንሰት ነው። ምስጥና እርጥበት እግሩን ሲበሉት የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ስለዚህ ቁመቱ ለጉዳት አስቀድሞ የተቀመጠ ስንቅ ነው። ከውስጥ የሚነድደው የምድጃ ጭስም ቀርከሃውን ከተባይ ይጠብቃል።

ያልታከመ ቀርከሃ አፈር ከነካ በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ ከአፈር ተለይቶ ከዝናብ ከተጋረደ ከ4 እስከ 7 ዓመት እንደሚያገለግል ይገመታል። ዕቃው አንድ ሲሆን ዕድሜውን የለወጠው አቀማመጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕንፃ ዕድሜ መመዘኛም ይህንኑ በስሌት ያስቀምጣል። የዕቃው መነሻ ዕድሜ በጥራቱ፣ በንድፉ፣ በሠራተኛው ሙያ፣ በውስጥና በውጭ አካባቢው፣ በአጠቃቀሙና በጥገናው ይባዛል። ለምሳሌ መነሻው 10 ዓመት ቢሆን፣ ለደካማ ሙያ 0.8፣ ለጥገና ጉድለትም 0.8 ቢያዝ፣ ሌሎቹም ባይለወጡ፣ የሚቀረው 6.4 ዓመት ብቻ ነው።

ከዚህም የተነሣ በደጋው የታየ ዕድሜ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ላለው ቆላ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ሙቀቱ፣ ምስጡና አፈሩ ይለያያሉና በሰፈራው ቦታ የቆዩ ቤቶችን እግር መመርመር ይቀድማል። ከዚያም የበሰለ ቀርከሃ መምረጥ፣ ስኳርና ስታርቹ እንዲወጣለት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ግድግዳውን በድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ፣ የጣሪያውንም ክፈፍ ማርዘም ያስፈልጋል። የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱን በየበጋው ማደስ ግድ ነው።

በመጨረሻም ቤት ለሰፋሪ ሲሰጥ የቤቱ ቁልፍ ብቻ ሊሰጥ አይገባም። የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚያልቅ፣ በስንት ዓመት እንደሚታደስና መተኪያው ከየት እንደሚገኝ ሊነገረውና በመዝገብ ሊሰፍርለት ይገባል። ይህ ከተደረገ ሰፋሪው የቤቱ ጠባቂ ይሆናል፤ ካልተደረገ ግን የመጀመሪያው ብርቱ ክረምት ለሁለተኛ ጊዜ ያፈናቅለዋል።