ከሥዕሉ በፊት ጣሪያው



ስለ ጥንታዊ ሥዕል ጥገና የሚናገር መሐንዲስ የሠዓሊውን ወንበር የተሻማ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ክብ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የተመለከተ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ሥዕሉ የሚኖረው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነውና ግድግዳው ሲታመም አብሮ ይታመማል።

በአውሮፓ የዘይት ቅብ የሚባለው ቀለሙ በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ነው፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ከጠነከረ በኋላ ውሃ አይፈታውም። የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ግን ቀለማቸውን በአብዛኛው ያጣበቁት ከእንስሳት ቆዳ በሚወጣ ሙጫ ነበር። ብዙውን ጊዜም በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በግድግዳው ላይ ለጠፉት። ስለዚህ ጥላሸቱን በእርጥብ ጨርቅ ሊጠርግ የተነሣ ቅን ሰው ከጧፉ ጢስ ጋር የቅዱሱንም ፊት ጠርጎ ሊመለስ ይችላል። ጨርቅ መሆኑ ለመነቀልም ያመቻል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 የማርሴል ግሪዮል ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አላቅቆ ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ በምትካቸውም ቅጂ ተለጥፏል።

በአሮጌው ሥዕል ላይ ከሱቅ የተገዛ የዘይት ቀለም መደረብ እንደ ማደስ ይቆጠራል፤ እኔ ግን መቅበር እለዋለሁ። አዲሱ ሽፋን ከግድግዳው የሚወጣውን እርጥበት ያግዳል፤ የታችኛው ሙጫ ሲላላ ሁለቱም ተያይዘው ይረግፋሉ። በጭቃ ግድግዳ እግር የሚለሰነው ሲሚንቶም ጠባዩ ይኸው ነው። የደበዘዘ ሥዕል ለምእመናን አይመችም የሚሉት ካህናት ግን እውነት አላቸው። አዲሱ በተለየ ጨርቅ ተሥሎ በሌላ ገጽ ቢሰቀል አሮጌው ሳይነካ ጥያቄያቸው ይመለሳል።

የሣር ክዳን የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያለዝብ ነበር፤ ቆርቆሮ ፈጥኖ ይግላል፣ ፈጥኖም ይቀዘቅዛል፣ ሌሊትም ከሥሩ ጤዛ ይቋጥራል። ጨርቁና ጭቃው እርጥበት ሲመጣና ሲሄድ እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይሰበሰቡ ይላቀቃሉ። ወደ ሣር እንመለስ አልልም፤ የእሳቱን አደጋ ሁላችንም እናውቃለን። የቆርቆሮው ጠርዝ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲወጣና ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ ኮርኒስ እንዲኖረው ማድረግ ግን የኛ ሙያ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ሥዕሉን ለባለሙያው እንተውለት። የተነቀለ ቆርቆሮ መምታት፣ አሸንዳ መጥረግና የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይ መቆፈር ግን ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ተመካክሮ፣ ሥዕሉን ሳይነኩ፣ ሰኔ ሳይገባ በግንቦት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።